ተውኔትን በእርሳስም በእግርም ማጥናት፦ ለሰፈር የጥናት ቡድን የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ከ6 እስከ 12 ሆነው ተውኔት ማጥናት ለሚፈልጉ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ጀሞ ለሚሰበሰብ የሰፈር ቡድን፣ አለዚያም እዚያው አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት የቴአትር ክበብ። የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች መሐል ከተማ ናቸው። ምሽት ላይ ከዚያ ወደ ዳር የሚመለስ ታክሲ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ፣ አብዛኛው ሥራ ሰፈር ውስጥ የሚያልቅበትን መንገድ መርጠናል።

ተውኔትን የሚያጠኑ ሰዎች ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን እንደ ልብ ወለድ አንብቦ ጭብጥ፣ ግጭት፣ መቼት እያለ ይዘረዝራል። ሌላው ቃሉን ሸምድዶ መድረክ ላይ ይጮኻል። እዚህ የቀረበው አሠራር ሁለቱን አያለያይም። በንባብ ጊዜ የሚነሳ ክርክር ሁሉ ተነስቶ ይሞከራል፤ በሙከራ የተገኘው ደግሞ ተመልሶ ከጽሑፉ ጋር ይመሳከራል። ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ ለዚሁ የሚያገለግል ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጊዜው 8 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይሁን። ከ16ቱ ስብሰባዎች 2ቱን ለንባብ፣ 4ቱን ጠረጴዛ ዙሪያ ለሚደረግ ጥናት፣ 7ቱን ለቁም ልምምድ፣ 2ቱን ለመብራትና ለድምፅ፣ የመጨረሻውን ለዝግጅቱ ያዙ። ጀማሪ ቡድን የጠረጴዛውን 4 ቀን ቆርጦ ወደ ልምምድ መሮጥ ይወዳል። ያ ቡድን አምስተኛው ሳምንት ላይ «እኔ እዚህ ጋ ለምንድን ነው የምቆጣው?» የሚል ተዋናይ ይገጥመዋል፤ መልስ የሚሰጠውም አይኖርም።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቅጂ አባዙ። ወረቀቱ በአንድ ፊት ብቻ ይታተም፤ በስተቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ኅዳግ ይተው። ኅዳጉ ለማስታወሻ ነው፣ ባዶው ጀርባ ደግሞ የመድረክ ንድፍ ይሣልበታል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ወረቀት ለመቆጠብ በሁለት ፊት ካተመላችሁ የሥራውን ግማሽ ቦታ አጣችሁ ማለት ነው። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ውሳኔ በየሳምንቱ ስለሚለወጥ እርሳስና ላጲስ ያዙ። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ባለ 5 ሜትር መለኪያ፣ ጠመኔ፣ ወለል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተርና ሰዓት ብቻ ነው።

ለቦታው የኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል (የነዋሪዎቹ የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ወይም ወንበሩ የሚነሳ መማሪያ ክፍል ይበቃል። ለመድረክነት 5 ሜትር በ4 ሜትር ባዶ ወለል ካገኛችሁ ደህና ነው። ኮሚናል ከሆነ ከኮሚቴው ጋር ቀኑን በጽሑፍ ተስማሙ፤ ለቅሶ ከመጣ ቅድሚያ የለቅሶ መሆኑን ግን ከወዲሁ እወቁት፣ ተለዋጭ ቀንም ያዙ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ለልምምድ አይሆንም። ዝናቡ ሲወርድ ሁለት ሜትር ላይ የቆመ ሰው እንኳ አይሰማም። የጥር እሑዶችንም ዝለሉ፣ የሠርግ ሞንታርቦ ከየብሎኩ ይለቀቃል።

ጽሑፍ መምረጥና ማግኘት

ለመጀመሪያ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚወስድ፣ ከ2 እስከ 5 ገጸ ባሕርያት ያሉት ጽሑፍ ይበቃል። ሙሉ ተውኔት ከወደዳችሁ ሁሉንም አንብቡና አንድ ገቢር (የተውኔቱን አንድ ትልቅ ክፍል) ብቻ ለቁም ሥራ ምረጡ። ከአማርኛ ተውኔቶች ለጀማሪ የሚመቹት የመንግሥቱ ለማ ኮሜዲዎች ናቸው፤ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ»። ምልልሱ ቤት ውስጥ የሚነገር ዓይነት ነው፣ ሳቁም ከሰዎቹ ጥቅምና ግጭት ስለሚወጣ ተዋናዩ ቀልደኛ መሆን አይጠበቅበትም። የፀጋዬ ገብረመድኅን ሥራዎች ከባድ ናቸው። ቃሉ ራሱ ጉልበት ስላለው ያልተለማመደ ተዋናይ ቃሉን ተሸክሞ መራመድ ያቅተዋል። ወደዚያ በሁለተኛው ዙር ሂዱ።

መጻሕፍቱ ገበያ ላይ ከጠፉ ወመዘክርን (ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍት) ወይም አራት ኪሎ ያለውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ለጥናት ማንበብ አንድ ነገር ነው፣ ሕዝብ ፊት ማቅረብ ግን ሌላ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ፀጋዬ ያረፈው በ1998 ዓ.ም. ስለሆነ የእሱ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ትርጉም ከሆነ ደግሞ ተርጓሚውም መብት አለው። «መግቢያ አናስከፍልም» ብላችሁ አትለፉት፤ ቤተሰቡን ወይም አሳታሚውን አስፈቅዱ። የራሳችሁን አጭር ጽሑፍ ከሠራችሁ ይህ ሁሉ ይቀራል።

የመጀመሪያው ንባብ

ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ይነበባል። ማንም አይተውን፣ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅ። አንድ ሰው ምንም ገጸ ባሕርይ ሳይዝ በቅንፍ ያለውን ብቻ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፦ «ይገባል»፣ «ዝም ይላል»፣ «መስኮቱን ትዘጋለች»። ጀማሪዎች ቅንፉን እየዘለሉ ያነባሉ፤ በዚህም የተውኔቱን ግማሽ ድርጊት ሳያዩት ያልፋሉ። አንድ ሰው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሰዓት ይያዝ። በተገኘው ደቂቃ ላይ ሲሶውን ጨምሩበት፣ መድረክ ላይ የሚወስደው ጊዜ ወደዚያ ይጠጋል።

ንባቡ እንዳለቀ ወሬ አይጀመር። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው ሦስት መስመር ይጻፍ፦ በዓይነ ሕሊናዬ ያየሁት፣ የሰለቸኝ ቦታ፣ ያልገባኝ ቦታ። ከዚያ በየተራ ይነበብ። ወሬ ቀድሞ ከተጀመረ ደፋሩ ሰው ያለው የሁሉም አስተያየት ሆኖ ይቀራል። ይህን ወረቀት አትጣሉት፤ በመጨረሻው ሳምንት ትፈልጉታላችሁ።

ሁለተኛው ንባብ፦ ማስረጃ መሰብሰብ

አሁን እርሳስ ይዛችሁ በዝግታ አንብቡ። ሁለት ነገር ሥሩ።

የመጀመሪያው የሁኔታዎች ዝርዝር ነው። የት? መቼ? ማን ለማን ምን ይሆናል? መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ምን ሆኗል? እያንዳንዱ መልስ አጠገቡ የገጽ ቁጥር ይጻፍበት። የገጽ ቁጥር የሌለው መልስ ግምት ስለሆነ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቀመጥ። «አባትየው ሰካራም ነው» የሚል ሰው ገጹን ይጥራ። ብዙ ጊዜ ገጹ አይገኝም፤ ከቴሌቪዥን ድራማ የመጣ ልማድ ሆኖ ይገኛል።

ዘመኑንም እዚሁ ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በ1910ዎቹ የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመድያ» በእንስሳት ተረት የተሸፈነ ትችት ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ማን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ እንዳየው ሳያስብ የሚያነበው ሰው የልጆች ተረት ነው የሚመስለው። በአብዮቱ ሰሞን የቀረበውን የፀጋዬን «ሀሁ በስድስት ወር»ንም ከዘመኑ ነጥላችሁ ብታነቡት ብዙው መስመር ይደነዝዛል።

ሁለተኛው የመግቢያና መውጫ ሠንጠረዥ ነው። በአግድም ትዕይንቶቹን፣ በቁም ገጸ ባሕርያቱን ጻፉ፤ ማን የት እንዳለ ምልክት አድርጉ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ብዙ ያሳያል። ፈጽሞ ያልተገናኙ ሁለት ሰዎች ይታያሉ (አንድ ተዋናይ ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል)፤ መድረክ ላይ ሆኖ ለሦስት ገጽ ምንም ያልተናገረ ሰው ይወጣል። ያ ዝምተኛ ሰው ምን እንደሚሠራ ካልወሰናችሁ ዝግጅቱ ላይ እጁን አጣምሮ ይቆማል፤ ታዳሚውም እሱን ማየት ይጀምራል።

መግቢያ ላይ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ብዙ ይናገራሉ። የሼክስፒር «ሐምሌት» የሚጀምረው በሌሊት፣ ዘብ ሊቀይር የሚመጣው ወታደር «ማን ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። በደንቡ መጠየቅ የነበረበት ግን ቦታው ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ዘብ ነው። የመጪው ሰው ቀድሞ መጠየቅ ብቻውን እዚያ ግንብ ላይ ሰው ሁሉ እንደፈራ ያሳውቃል፤ መናፍስት የሚለው ቃል ገና አልተነሳም። ሁለት ሰው አስነሥታችሁ ይህን ቦታ ሁለቴ አሠሩት፤ አንዴ በደንቡ፣ አንዴ እንደተጻፈው። ልዩነቱን ለማስረዳት ንግግር አያስፈልጋችሁም።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል የዘረዘራቸውን የተውኔት ስድስት ክፍሎች፣ ማለትም ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ሐሳብ፣ ቋንቋ፣ ዜማና ትርዒት፣ እዚህ ላይ እንደ ማመሳከሪያ ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ፤ የዘለላችሁት ነገር ካለ ያሳዩዋችኋል። የጥናት ወረቀታችሁን በስድስት ንዑስ ርዕስ ከፍላችሁ እንደ ፎርም መሙላት ግን ምንም አያስተምርም።

ቁራጭና ግሥ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ አራቱ የጠረጴዛ ቀኖች በአብዛኛው እዚህ ያልቃሉ። ትዕይንቱን በቁራጭ በቁራጭ ከፋፍሉት። አንድ ቁራጭ የሚያልቀው የሰዎቹ ፍላጎት ወይም ዘዴ ሲለወጥ ነው፤ የንግግሩ ርዕስ ስለተለወጠ ብቻ አያልቅም። በአማካይ በአንድ ገጽ ከሁለት እስከ አራት ቁራጭ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ንግግር ፊት ለፊት፣ ኅዳጉ ላይ፣ አንድ ግሥ ይጻፋል። ተናጋሪው በዚህ ቃል ሌላውን ሰው ምን ያደርገዋል?

ለመለማመጃ ያህል የተጻፈች አጭር ትዕይንት ይኸውና።

(ምሽት። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እናት ምስር ትለቅማለች። ልጅ ይገባል።)
እናት፦ አመሸህ።
ልጅ፦ ታክሲ ጠፋ።
እናት፦ ቁልፉስ?
ልጅ፦ የቱ ቁልፍ?
እናት፦ የሳጥኑ።
ልጅ፦ (ዝም ይላል።) ሻይ አለ?
እናት፦ ስኳር የለም።
ልጅ፦ ያለ ስኳር እጠጣለሁ።
እናት፦ እርስዎ? ያለ ስኳር?

ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገር የለም። እንደ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ የመጀመሪያው ጥያቄ «እናትየዋ ልጁ ሳጥኑን እንደከፈተ የምታውቀው ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚል ነው። ወረቀቱ ላይ መልስ የለም። ግን ምስሩ አለ። ሦስት ጊዜ አሠሩት።

በመጀመሪያው ዙር እጇ «የቱ ቁልፍ?» ሲል ይቁም። ጠርጥራ ስትጠብቀው ነበር ማለት ነው፤ ጥርጣሬዋ የተረጋገጠው በዚህ መልስ ነው። በሁለተኛው ዙር እጇ ሥራውን ሳያቋርጥ ይቆይና «ሻይ አለ?» ሲል ይቁም። እዚያች ደቂቃ ላይ ነው የገባት፤ ከዚያ በፊት የነበረው ጥያቄ የተለመደ የቤት ጥያቄ ይሆናል። በሦስተኛው ዙር እጇ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቁም። ነገሩን ካወቀች ሰንብታለች፤ አሁን የምትፈልገው እሱ ራሱ እንዲናገር ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ ታሪኩ ግን ሦስት ሆነ። ቡድኑ የትኛውን እንደሚመርጥ ከመወሰኑ በፊት ሦስቱንም ማየት አለበት።

አሁን ግሡን ጻፉ። «አመሸህ» ፊት «ታዝናለች» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰርዙት። ማዘን ስሜት ስለሆነ ተዋናይዋ ልትሠራው አትችልም፤ ፊቷን ብቻ ታጨማድዳለች። «ትመረምረዋለች»፣ «ታሳቅቀዋለች»፣ «ታባብለዋለች» ቢባል ግን የምትሠራው ነገር አገኘች። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ግሡ ሌላውን ሰው የሚነካ መሆን አለበት። መጨረሻው ላይ «-ዋለች»፣ «-ዋል» ወይም «-ታል» ብሎ ሌላውን ሰው ካልያዘ ተጠራጠሩት።

«ስኳር የለም» የምትለውን መስመር ለብቻዋ አውጡና በሦስት ግሥ አስነግሯት። «ታስወጣዋለች»፦ ሻይ የለም፣ ሂድልኝ። «ትወቅሰዋለች»፦ ስኳር የሚገዛበት ገንዘብ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። «ትለቀዋለች»፦ ደክሟታል፣ ወሬው እዚህ ይብቃ። ተዋናይዋ ሦስቱን ስትል ሌሎቻችሁ አፏን ሳይሆን ልጁን ተመልከቱ። ግሡ ከሠራ የልጁ ሰውነት ሳይነገረው ይለወጣል፤ ካልተለወጠ ግሡ ወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

የመጨረሻው «እርስዎ» የትዕይንቱ ትልቁ ድርጊት ነው። እናት ልጇን አንቱ ስትል ምን እንደደረሰበት የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃል። በምታነቡት ተውኔት ውስጥ ሁሉ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱና እርስዎ የሚቀያየሩበትን ቦታ በክብ አስምሩ። ጋሼ ብሎ ይጠራው የነበረ ሰው በስሙ ሲጠራው፣ አንቱ የተባለች አማች አንቺ ስትባል፣ ደራሲው ቅንፍ ሳይከፍት የሰጠው የመድረክ መመሪያ ነው። ተዋናዩ ይህን ለውጥ እንደ ተራ ቃል ካለፈው ታዳሚው የሰማውን ይጠራጠራል፤ የምላስ ወለምታ ይመስለዋል።

ድምፅና ስንኝ

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይሰማል» ሰውየው ይሰማል ወይስ ድምፁ ይሰማል? ጽሑፉን አስቀድማ የምታውቅ ተዋናይት ስታነበው ችግር የለም፣ ክብ ተቀምጦ ሲነበብ ግን በየገጹ አንድ ሁለት ቦታ ያደናቅፋል። ለሚጠብቀው ፊደል ራስጌው ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ሁለት ንባብ የሚያስኬድ ቦታ ስታገኙ ግን አትቸኩሉ። ደራሲው ሰምና ወርቅ አስቦ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ንባብ እንዲሰማ የሚያደርግ አነጋገር ፈልጉ።

ሌላው የአማርኛ ጉዳይ ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንዳደረገው፣ ማድረግ አለማድረጉም ጭምር ያለው በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። ትንፋሹ አልቆበት ድምፁን መጨረሻ ላይ የሚያወርድ ተዋናይ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ አጠፋው። መፈተኛ፦ አንድ ሰው አዳራሹ ጥግ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ፤ የመጨረሻው ግሥ ባልተሰማው ቁጥር እጁን ያውጣ። በመጀመሪያው ቀን እጁ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። መፍትሔው መጮህ አይደለም፤ የኮንክሪት ግድግዳ ያለው አዳራሽ ጩኸትን ያስተጋባና ቃሉን ያደባልቀዋል። ትንፋሽን ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ መውሰድና የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ማዝገም ነው።

የግጥም ተውኔት ከሆነ ቀለሙን (ክፍለ ቃሉን) ቁጠሩ። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ዓይነት ስንኙ 6 ለ 6 ተከፍሎ 12 ቀለም ይሆናል። ለምሳሌ፦

ጨለማው ሲገፈፍ / መንገዱ ይታያል

ጨ-ለ-ማው-ሲ-ገ-ፈፍ፣ መን-ገ-ዱ-ይ-ታ-ያል። የፀጋዬ ቤት የሚባለው ረዘም ይላል፣ 8 ለ 8 ነው። አሥራ ስድስቱን ቀለም በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ የሚሮጥ ተዋናይ መሐሉን ይውጠዋል፤ እያንዳንዷ ሐረግ ላይ የሚያርፍ ደግሞ ተማሪ ቤት ግጥም የሚያነበንብ ልጅ ይመስላል። እርሳስ ይዛችሁ ሐሳቡ የሚያልቅበትን ቦታ ፈልጉ። ሐሳቡ ከስንኙ መጨረሻ ተሻግሮ የሚሄድ ከሆነ ቤት መምቻው ላይ አትቁሙ፣ በድምፅ ብቻ ነክታችሁት እለፉ።

መቆም

ወለሉ ላይ 5 በ4 ሜትሩን በፕላስተር ከልሉ። በሩን፣ መስኮቱንና የቤት ዕቃውን ቦታ በጠመኔ ሣሉ። ከዚያ ክልሉን በ9 ቦታ ክፈሉት፤ ፊት፣ መሐልና ጀርባ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቀኝ፣ መካከልና ግራ። ቀኝና ግራ የሚባለው ወደ ታዳሚው የዞረ ተዋናይ ቀኝና ግራ ነው፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ካልተስማማችሁበት እስከ መጨረሻው ስትጋጩ ትኖራላችሁ። ኅዳጉ ላይ በአጭሩ ጻፉ፦ «ፊ.ቀ» ፊት ቀኝ፣ «ጀ.ግ» ጀርባ ግራ። አንድ ሰው የስቴጅ ማናጀርነቱን ይያዝ፤ የሁሉም እንቅስቃሴ በእሱ ቅጂ ላይ ይስፈር፣ ክርክር ሲነሣም የእሱ ቅጂ ይዳኝ።

ማንም ያለ ምክንያት አይራመድ። ሰው የሚንቀሳቀሰው ግሡ ሲለወጥ፣ ማለትም ቁራጩ ሲያልቅ ነው። በእኛ ትዕይንት ልጁ በሩ አጠገብ፣ ከእናቱ 3 ሜትር ርቆ ቢጀምርና «ሻይ አለ?» ሲል ሁለት እርምጃ ቢጠጋ በቂ ነው። ጀማሪ አዘጋጅ መድረኩ «እንዳይሞት» እያለ ሰዉን ከዳር ዳር ያመላልሳል። የሚታየው ሩጫው ብቻ ይሆናል። ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ ሁሉም በአንድ መስመር ተደርድረው ለታዳሚው ማውራት ነው፤ ማይክሮፎን የለመደ ክበብ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት።

ጠፍጣፋ ወለል ላይ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የተቀመጠ ሰው መሬት ላይ የተቀመጠ ተዋናይ አይታየውም። የሚሞት፣ የሚንበረከክ ወይም ምስር የሚለቅም ሰው ካላችሁ ሁለት መላ አለ። ወይ በርጩማ ላይ አስቀምጡት፣ ወይ ታዳሚውን አስተካክሉ፦ የመጀመሪያው ረድፍ ምንጣፍ ላይ፣ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ከእድር በተዋሳችሁት ወንበር ላይ። በግማሽ ክብ ካስቀመጣችኋቸው ከ50 እስከ 60 ሰው በአራት ረድፍ ይበቃል።

በቃል መያዝ ከቁም ልምምዱ ሦስተኛ ቀን በፊት አይጀመር። እንቅስቃሴው ሳይወሰን የተሸመደደ ቃል አንድ ዜማ ይይዝና አልለቅም ይላል።

በዚህ መካከል አንድ ቀን መሐል ከተማ ወርዳችሁ ትልቅ መድረክ እዩ፤ ብሔራዊ ቴአትር ወይም ሀገር ፍቅር። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ላይ ብቻ አተኩሩ፦ ማን ከየት ገባ፣ መብራቱ መቼ ተለወጠ፣ ታዳሚው መጀመሪያ የሳቀው በቃሉ ነው ወይስ በድርጊቱ? የቀረውን ዝም ብላችሁ ተዝናኑበት። የቀን ዝግጅት ምረጡ፤ የመመለሻ ታክሲ የሚያስብ ሰው ሦስተኛውን ገቢር አያይም።

መብራት፣ ድምፅ፣ ልብስ

የቀን ዝግጅት ከሆነ መብራት አያስፈልጋችሁም። የጥንቶቹ አቴናውያን ከአክሮፖሊስ ኮረብታ ሥር በጠራራ ፀሐይ ነበር የሚያሳዩት፤ የሼክስፒር ቴአትር ቤት ግሎብም የሚሠራው ከሰዓት በኋላ በብርሃን ነበር። ሌሊቱን የሚያመጣው ቃሉና ተዋናዩ በእጁ የያዘው ችቦ ነው። እሑድ 9 ሰዓት ለሰፈር የተሻለው ሰዓት ነው፤ የእድር ስብሰባ አልቋል፣ ምሽቱም አልደረሰም።

የግድ ማታ ከሆነ 50 ዋት ያላቸው አራት የኤልኢዲ ፓውዛዎች ይበቃሉ። ከወለል ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ ሁለቱን ከፊት ቀኝ፣ ሁለቱን ከፊት ግራ፣ በሰያፍ ወደ መድረኩ አዙሩ። ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የመጣ መብራት ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ ከወለል ወደ ላይ የተተኮሰ ደግሞ ሁሉንም ጣረ ሞት ያስመስላል። የሚጎረብጥ ብርሃን ከሆነ ከፊቱ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ስስ ነጭ ጨርቅ ወጥሩ፤ መስታወቱ ላይ አታልብሱት፣ ይሞቃል። አራቱ ተደምረው የሚስቡት 200 ዋት ብቻ ነው። አደጋው የሚመጣው ከሌላ ወገን ነው፤ ኮሚናል ውስጥ በአንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ከተጣደ ምጣዱ ብቻውን ወደ 3,500 ዋት ስለሚስብ በዚያው መስመር ላይ ካላችሁ ቆጣሪው ይወርድና ሁሉም ይጨልማል። የትኛው ሶኬት በየትኛው ብሬከር ላይ እንዳለ ቀደም ብላችሁ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ፈትሹ። መብራት ቢጠፋ የሚበሩ፣ ቻርጅ የተደረጉ ሁለት መብራቶች ከመድረኩ ግራና ቀኝ ይቀመጡ፤ ተዋናዮቹም ሳይቆሙ እንዲቀጥሉ ቢያንስ አንድ ልምምድ በዚያ ብርሃን ሥሩ። የተዘረጋውን ገመድ በሙሉ በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉ።

ለመጋረጃ አቡጀዲ ይበቃል። ልብስ ከየቤቱ ይምጣ፤ ጫማው ግን ከልምምዱ አራተኛ ቀን ጀምሮ ይደረግ፣ አረማመድን የሚለውጠው እሱ ነውና። መድረክ ላይ የሚያዝ ዕቃ እውነተኛ ይሁን። ባዶ ሰፌድ ላይ ምስር የምትለቅም እናት ከላይ ያለውን ሙከራ ሁሉ ዋጋ ታሳጣዋለች።

ካሳያችሁ በኋላ

ታዳሚውን «መልዕክቱን እንዴት አገኛችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «በጣም አስተማሪ ነው» ይሆናል። ይልቅ የተለየ ጥያቄ ያዙ፦ እናትየዋ የምታውቀው ከመቼ ጀምሮ ይመስላችኋል? ምን አይታችሁ? ሁለት ሰው ሲጋጭ ጣልቃ አትግቡ፣ ጻፉ።

ከዚያ በሁለት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ አባል ከ600 እስከ 800 ቃል ያለው ጽሑፍ ያዘጋጅ። ታሪኩን መተረክ የለበትም፤ አንባቢው አንብቦታል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሙግት ይጀመር፦ «እናትየዋ ነገሩን ካወቀች ሰንብታለች»። ቀጥሎ ከጽሑፉ ሁለት ማስረጃ በገጽ ቁጥር፣ ከልምምዱ አንድ ማስረጃ፣ ማለትም በየትኛው ሙከራ ምን እንደታየ፣ ከዚያ ሙግቱን የሚቃወም አንድ ንባብና ለምን እንዳልተመረጠ። በመጀመሪያው ንባብ ቀን የተጻፈውን ሦስት መስመር አውጡና ከዚህ ጋር አስተያዩት፤ «ያልገባኝ ቦታ» የተባለው አሁንም ካልገባ፣ የሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ስብሰባ በዚያ ገጽ ይጀመር።